የእህል መጋዘን ጣሪያ አያያዝ፦ ቆርቆሮና የሬንጅ ንጣፍ ቤትን እንዴት እንደሚከላከሉና ከየት ማርጀት እንደሚጀምሩ

መግቢያ

ገበሬው አርሶ፣ አርሞ፣ አጭዶና ወቅቶ እህሉን ካስገባ በኋላ የዓመቱ ድካም ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በማሳ ላይ ከአረም፣ ከተባይና ከውርጭ የተረፈ ምርት መጋዘን ከገባ በኋላ በጣሪያ ፍሳሽ ሲበላሽ ማየት የተለመደ ነው። ማኅበራት መጋዘን ሲያሠሩ ስለ በሩ፣ ስለ መስኮቱና ስለ ቁልፉ ብዙ ይጨነቃሉ፤ ሌባ የሚገባው በዚያ ነውና። ውሃ ግን የሚገባው ከላይ ነው፤ ሲገባም ድምፅ አያሰማም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የጣሪያ ክዳን ሥራው ምን እንደሆነ፣ በምን ምክንያት እንደሚያረጅና በምን ጊዜ ምን ቢደረግለት ዕድሜው እንደሚረዝም እንዲያውቁ ነው። በአጭሩ ለማለት የተፈለገው ይህ ነው፦ የጣሪያ ክዳን መበላሸት የሚጀምረው በአብዛኛው ከመሐሉ አይደለም፤ ከተቀጠለበት፣ ከተበሳበትና ከሚያልቅበት ቦታ ነው። እነዚህን ቦታዎች በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያይ ማኅበር እህሉን ያድናል። የማያይ ማኅበር እህሉንም ጣሪያውንም ይከስራል።

1. አንድ ጣሪያ በዓመት ምን ያህል ውሃ ይወርድበታል?

በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊሜትር ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛውም የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ፣ ማለትም 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው መጋዘን እንውሰድ። በዚህ ጣሪያ ላይ በዓመት 240,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል።

ከዚህ ውሃ ከሺህ አንዱ እጅ ብቻ ሾልኮ ቢገባ 240 ሊትር ይሆናል። ይህ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን 12 በመቶ እርጥበት ያለውን አንድ ኩንታል እህል ወደ 18 በመቶ እርጥበት ለማድረስ የሚበቃው ውሃ 7 ሊትር ከግማሽ የማይሞላ ነው። ስለዚህ ያ 240 ሊትር ከ30 ኩንታል በላይ እህል ለማበላሸት ይበቃል ማለት ነው።

የአብዛኛው የብርዕና የአገዳ እህል እርጥበት ከ13 በመቶ ገደማ ካለፈ ሻጋታ ማደግ ይጀምራል፤ እህሉ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ነቀዝም ይበረታበታል። አንዳንዱ ሻጋታ፣ በተለይም በበቆሎ፣ በማሽላና በለውዝ ላይ የሚበቅለው፣ አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ እህሉ ቢታጠብም፣ ቢፈጭም፣ ቢበስልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለሆነም የጣሪያ ፍሳሽ የገንዘብ ኪሣራ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይም ነው።

2. ከአብነት ጣሪያዎች የምንማረው

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አብነት ለዚህ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከአብነት በስተሰሜን መርካቶ፣ በመርካቶም ውስጥ እህል በረንዳ ይገኛል። ከየክፍለ ሀገሩ በጭነት መኪና የመጣው ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ በዚያ ተራግፎ ወደየሱቁ፣ ወደየወፍጮ ቤቱና ወደየሸማቾች ማኅበሩ ይበተናል። ገበሬው በደህና መጋዘን ያቆየውን እህል ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የተበሳ ቆርቆሮ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የገጠሩም የከተማውም ማኅበር ትምህርቱ አንድ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የቤቶቿ ክዳን በአብዛኛው ሣር ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እንደ ቆርቆሮ ያለውን ከባድ ዕቃ ከወደብ ማምጣት ቀለለ። ውሎ አድሮም የጭቃ ግድግዳ፣ የባሕር ዛፍ ወራጅና የቆርቆሮ ክዳን የከተማይቱ ቤት መልክ ሆኑ። እንደ አብነት ባሉ የቆዩ ሠፈሮች ውስጥ ከአንድ ፎቅ ላይ ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ ሰው የቆርቆሮን ዕድሜ ከሕፃንነት እስከ እርጅና በአንድ ዐይን ሊያይ ይችላል። የሚያያቸውን መልኮች እንደሚከተለው ለይቶ ማወቅ ይገባል።

1ኛ/ የሚያብረቀርቅ፦ አዲስ ነው። በብረቱ ላይ ያለው የዚንክ ቅብ ገና አልተነካም።

2ኛ/ ደብዛዛ ግራጫ፦ ዚንኩ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ስስ መከላከያ አበጅቷል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ነው።

3ኛ/ ነጭ ዱቄት የለበሰ፦ ቆርቆሮው ሳይመታ በፊት እርስ በርሱ ተደራርቦ ሳለ እርጥበት አግኝቶታል። ዚንኩ በከንቱ ተበልቷል።

4ኛ/ ግራጫ ሆኖ በምስማሩ ዙሪያ፣ በጫፉና በመደራረቢያው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያለው፦ ዚንኩ በእነዚያ ቦታዎች አልቋል። ብረቱ ግን ገና አለ። በጥቂት ገንዘብ ለማዳን የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው።

5ኛ/ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ቡናማ የሆነ፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰበር፦ ጊዜው አልፏል። ቀለም መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ መቀየር አለበት።

በእንደዚህ ያሉ ጣሪያዎች ላይ ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማና የላስቲክ ሸራ ተጭኖ ማየት የተለመደ ነው። ድንጋዩና ጎማው ንፋስ ቆርቆሮውን እንዳይገነጥለው፣ ላስቲኩ ደግሞ ፍሳሹን እንዲያቆም የተደረጉ ናቸው። ለአንድ ክረምት ይረዱ ይሆናል። ነገር ግን በሥራቸው አፈርና እርጥበት ስለሚይዙ ቆርቆሮው ፀሐይ አግኝቶ አይደርቅም፤ ዝገቱም በዚያ ቦታ ይፈጥናል። መድኃኒት ሆነው የተጫኑት ነገሮች ራሳቸው በሽታ ይሆናሉ ማለት ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ከተዛወረ በኋላ በአዲስ አበባ ብዙ ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። የኪራዩ ገንዘብ አነስተኛ ሆነ፤ የጥገናውም ኃላፊነት በተከራዩና በቀበሌው መካከል ተንጠልጥሎ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። በተጨናነቀ ሠፈር ደግሞ የአንዱ ቤት ክዳን ውሃውን በሌላው ላይ ያወርዳል፤ አንድ አሸንዳ ለሁለት ቤት ያገለግላል። አሸንዳው ሲደፈን ሁለቱም ያፈስሳሉ፤ የሚጠርገው ግን አይገኝም። የማኅበር መጋዘንም የሁሉ ስለሆነ የማንም እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለጣሪያው በስም የታወቀ ኃላፊ ሊመደብለት ይገባል።

3. ቆርቆሮ እንዴት ይከላከላል?

ቆርቆሮ ቀጭን የብረት ዝርግ ሆኖ በሁለት ፊቱ ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንክ ውሃና አየር ብረቱን እንዳይነኩት ይጋርዳል። ከዚህም ሌላ ቅቡ ቢጫርና ጥቂት ብረት ቢገለጥ፣ ከጭረቱ ዳርና ዳር ያለው ዚንክ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። ዚንክ ራሱን እየሰዋ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው ለማለት ይቻላል። ዘበኛው ያለቀ ዕለት ብረቱ መዛግ ይጀምራል።

ስለዚህ የቆርቆሮ ዕድሜ የሚለካው በብረቱ ውፍረት ብቻ ሳይሆን በዚንኩ መጠንም ነው። በሁለቱም ፊት ተደምሮ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ ያለው ቆርቆሮ በአንድ ፊቱ የአንድ ሚሊሜትር ሃምሳኛ እጅ ያህል ውፍረት ያለው ቅብ አለው። 100 ግራም ያለው ግን ከዚያ በሦስት እጅ ገደማ ይሳሳል። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢመቱ፣ ዚንኩ በየዓመቱ የሚበላው በእኩል መጠን ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ወደ ሦስት እጥፍ ለሚጠጋ ጊዜ ይቆያል።

ማኅበራት ቆርቆሮ ሲገዙ በጌጅ ይጠይቃሉ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ መታወቅ አለበት፤ 35 ጌጅ ከ32 ጌጅ፣ 32 ጌጅም ከ28 ጌጅ ይሳሳል። ነገር ግን ጌጅ የሚናገረው ስለ ውፍረት እንጂ ስለ ዚንኩ አይደለም። ስለሆነም ሻጩን ሁለቱንም መጠየቅና በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ይገባል። በርካሽ የተገዛ ስስ ቆርቆሮ ቶሎ ስለሚቀየር ዞሮ ዞሮ ውድ ነው።

ቆርቆሮ ከተገዛ በኋላ ሳይመታ የሚቆይ ከሆነ ከዝናብና ከምድር እርጥበት ርቆ፣ በእንጨት ላይ፣ አንዱን ወገን ከፍ አድርጎ ሊቀመጥ ይገባል። እርጥብ ሆኖ ተደራርቦ ከቆየ በአጭር ጊዜ ውስጥ ነጩ ዝገት ይበላዋል።

ዚንክን ፈጥነው ከሚበሉት ነገሮች መካከል እርጥብ አመድ፣ ኖራና ያልደረቀ ሲሚንቶ፣ የወፍ ኩስ፣ እንዲሁም የረገፈ ቅጠል ሰብስቦ የሚይዘው እርጥበት ይገኙበታል። የተበሳ ቆርቆሮን በሲሚንቶ መድፈን የተለመደ ስሕተት ነው። ሲሚንቶው ዚንኩን ይበላል፤ ፀሐይ ሲመታውም ተሰንጥቆ ይነሣል።

4. ለጠፍጣፋ ጣሪያ የሚሆን ንጣፍ

ከተማ ውስጥ ያሉ ብዙ ሕንፃዎች፣ እንዲሁም አንዳንድ የማኅበር ሱቆችና መጋዘኖች ክዳናቸው የኮንክሪት ሶሌታ ነው። ኮንክሪት ጠንካራ ቢሆንም ውሃ ያሳልፋል፤ በስንጥቁ የገባ ውሃም በውስጡ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ስለዚህ በላዩ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ መልበስ አለበት። ይህ ንጣፍ በግንበኞች ዘንድ ሜምብሬን ይባላል።

በብዛት የሚሠራበት የሬንጅ ሜምብሬን ሦስት ክፍል አለው። መሐሉ ከፖሊስተር ወይም ከመስተዋት ክር የተሠራ ጨርቅ ነው፤ ሥራውም ንጣፉ እንዳይቀደድ ማጠንከር ነው። ጨርቁን የሸፈነው ሬንጅ ፕላስቲክ ወይም ጎማ መሰል ነገር ተቀላቅሎበት የተዘጋጀ ሲሆን ሥራው ውሃ ማገድ ነው። ከላይ ያለው ደቃቅ ጠጠር ወይም ስስ የአሉሚኒየም ልባስ ደግሞ ሬንጁን ከፀሐይ ይጋርዳል። ጠጠሩ በእግር ሲታሽ ወይም በጎርፍ ሲታጠብ ፀሐይ ሬንጁን ታገኘዋለች፤ ሬንጁም ቅባቱን አጥቶ ይደርቃል፣ እንደ ደረቀ ረግረግም ይሰነጣጠቃል።

ከሬንጅ ሌላ ከፕላስቲክና ከሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠሩ፣ ውፍረታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚደርስ ንጣፎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ነው፤ ቅጥሉ በጋለ አየር ይበየዳል። የሚያለሰልሰው ቅመም በዓመታት ውስጥ እየወጣ ሲሄድ ይደርቃል። ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የሚባለው ጎማ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሲሆን፣ ጥላሸት ስለሚቀላቀልበት የፀሐይን ጨረር ይቋቋማል። የፒ.ቪ.ሲ. ንጣፍን በሬንጅ መጠገን ፈጽሞ አይገባም፤ ሁለቱ ሲነካኩ ፒ.ቪ.ሲ.ው ማለስለሻውን አጥቶ ይበላሻል።

የሬንጅ ንጣፍ ሲነጠፍ የሚከተሉት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

ሀ/ ሶሌታው መድረቅ አለበት። እርጥብ ከሆነ እርጥበቱ በፀሐይ ሙቀት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ንጣፉን እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያሳብጠዋል።

ለ/ ተዳፋት ያስፈልጋል። በአንድ ሜትር ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ 8 ሜትር ርዝመት ላለው ሶሌታ 16 ሳንቲሜትር ማለት ነው።

ሐ/ ጥቅልሉ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር በ10 ሜትር ነው። በጎኑ 10 ሳንቲሜትር፣ በጫፉ 15 ሳንቲሜትር ይደራረባል። ስለዚህ አንድ ጥቅልል የሚሸፍነው 10 ካሬ ሜትር ሳይሆን ከ9 ካሬ ሜትር ያነሰ ነው። ይህን ሳያሰሉ የገዙ እንደሆነ መሐል ላይ ያልቅና ሠራተኛው መደራረቢያውን ማጥበብ ይጀምራል፤ ፍሳሹም በዚያ ይመጣል።

መ/ ንጣፉ በዙሪያው ካለው ግድግዳ ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ሽቅብ መውጣትና ጫፉ በደንብ መታሰር አለበት።

ሠ/ ሥራው እንዳለቀ መደራረቢያውን በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ እያሉ መፈተን፣ ቀጥሎም የውሃ መውረጃውን ደፍኖ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ውሃ አስተኝቶ ለ24 ሰዓት መጠበቅ ይገባል። ከዚያ በላይ ማስተኛት አያስፈልግም። 5 ሳንቲሜትር ውሃ በ40 ካሬ ሜትር ላይ ሲተኛ 2,000 ኪሎግራም እንደሚመዝን ማስታወስ ይጠቅማል። መውረጃው በቅጠል በተደፈነ ቁጥር ጣሪያው የሚሸከመው ይህን ያህል ነው።

5. ጣሪያን የሚያስረጁ ነገሮች

ሀ/ ፀሐይ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ይህ ጨረር ሬንጅን፣ ፕላስቲክንና ቀለምን ያደርቃል። ስለሆነም ለቆላና ለወደብ ከተማ የበቃ ንጣፍ ለደጋው ያለ መጋረጃ አይበቃም።

ለ/ የቀንና የሌሊት ልዩነት፦ በበጋ ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ክፉኛ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ 45 ዲግሪ ቢሆን 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በየቀኑ 3 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራልም። ምስማሩ ግን ከሞራሌው ጋር ተጣብቆ አይነቃነቅም። ስለዚህ ቆርቆሮው በምስማሩ ዙሪያ ይፋጫል፤ ዚንኩ ይላጣል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። ፍሳሽ ከምስማር ሥር የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ/ የቆመ ውሃና ቆሻሻ፦ በአሸንዳ፣ በመደራረቢያና በመውረጃ አፍ የሚጠራቀም ቅጠልና አፈር ክረምት ካለፈም በኋላ እርጥበት ይይዛል።

መ/ ንፋስና በረዶ፦ ንፋስ ጣሪያን የሚነሣው በአብዛኛው ከጠርዝና ከማዕዘን ጀምሮ ነው። በረዶ ደግሞ የዚንኩን ወይም የጠጠሩን ልባስ ይመታል፤ አሸንዳውንም ደፍኖ ውሃውን ወደ ቤት ይመልሰዋል።

ሠ/ ሰው፦ ዲሽ ለመትከል፣ ሮቶ ለማስቀመጥ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ለማሳለፍ የሚወጣ ሠራተኛ ጣሪያውን ይበሳል፣ ይረግጣል፣ ምስማርና ቁርጥራጭ ሽቦ ጥሎ ይወርዳል። የወደቀው ሽቦ ዝጎ ንጣፉን ወይም ቆርቆሮውን ይበላል። ማንም ሰው ኃላፊው ሳያውቅ ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ ይደረግ።

6. የምርመራ ጊዜ

ጣሪያን መመርመር በዝናብ ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ማኅበሩ የሚከተለውን የጊዜ ሰሌዳ ቢይዝ ይበቃዋል።

በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጀመሪያ፦ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አሸንዳና መውረጃ ይጠረጋል፤ የላላ ምስማር፣ የተነሣ መደራረቢያና የዛገ ጠርዝ ይጠገናል።

ከከባድ በረዶ ወይም ንፋስ በኋላ፦ በማግስቱ ይታያል።

በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት፦ ክረምቱ ያደረሰው ጉዳት ይመዘገባል። አዲሱ እህል ከመግባቱ በፊት መጋዘኑ ይጠረጋል፣ ይደርቃል።

የቆርቆሮ ቀዳዳ ለማግኘት ቀላል ዘዴ አለ። ፀሐይ በበረታበት ቀትር ላይ ወደ መጋዘኑ ገብቶ በርና መስኮት መዝጋት፣ ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ መቆየትና ሽቅብ ማየት ነው። ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ውሃ ይገባበታል። ቦታውን ከግድግዳውና ከሞራሌው ለክቶ በደብተር መጻፍ ይገባል፤ ጣሪያ ላይ ከወጡ በኋላ ቀዳዳውን ማግኘት ይቸግራልና።

ውሃ ሁልጊዜ ከቀዳዳው በቀጥታ ሥር አይንጠባጠብም። በቆርቆሮው ሆድ ወይም በወራጁ ላይ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ፍሳሹ የታየበትን ብቻ ሳይሆን ከዚያ ቦታ ወደ አናቱ ያለውን ሁሉ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው መሰላሉን አስሮ፣ በደረቅ ቀን፣ ለስላሳ ጫማ አድርጎ ይውጣ። ምስማሮቹ የተሰለፉበትን መስመር ይርገጥ፤ ከሥሩ ሞራሌ ያለው በዚያ ነውና። ብቻውን ግን አይውጣ።

7. ጥገና

ሀ/ የላላ ምስማር፦ በሰፋ ቀዳዳ ላይ ያንኑ ምስማር ደጋግሞ መምታት ዋጋ የለውም። በጎማ ማስቀመጫ ሰፋ ያለ ቆብ ባለው ብሎን መተካት ይሻላል። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ በጎድጓዳው ላይ የተመታ ምስማር ውሃ በሚሄድበት መንገድ ላይ እንደተቆፈረ ጉድጓድ ነው።

ለ/ ቡናማ ነጠብጣብ፦ በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን አንሥቶ፣ ጠርጎ፣ በፀረ ዝገት ቀለም አንድ ጊዜ፣ በጣሪያ ቀለም ደግሞ ሁለት ጊዜ መቀባት ነው። ዝገቱ ሳይነሣ የተቀባ ቀለም ዝገቱን ይሸፍናል እንጂ አያቆምም። አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ተራ የዘይት ቀለም አይይዝም፤ ለዚንክ የተዘጋጀ ማያያዣ ቀለም ያስፈልገዋል።

ሐ/ ቀዳዳ፦ ትልቅ ከሆነ በቆርቆሮ ቁራጭ ይጠገናል። የቁራጩ የላይኛው ጫፍ ከላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር መግባት አለበት፤ ከላይ የሚመጣው ውሃ በቁራጩ ላይ እንዲያልፍ ነው። የተገላቢጦሽ ከሆነ ቁራጩ ራሱ ውሃውን ወደ ቤት ያስገባል።

መ/ የሬንጅ ንጣፍ፦ ያበጠውን ቦታ በመስቀል ቅርጽ ቀዶ፣ አድርቆና መልሶ አጣብቆ፣ በላዩ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 15 ሳንቲሜትር የሚያልፍ ቁራጭ መለጠፍ ነው። በጋዝ እሳት ሲሠራ ከሥሩ ወይም ከአጠገቡ እንጨት፣ ጆንያና ገለባ አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ሥራው ካለቀም በኋላ ዘበኛ አቁሞ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሠ/ ኤተርኒት፦ በቆዩ መጋዘኖች ላይ ያለው ግራጫ የሲሚንቶ ዝርግ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አቧራው ሲተነፍሱት ሳምባን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ስለዚህ መፋቅ፣ መሰርሰር፣ በመጋዝ መቁረጥና መሰባበር ክልክል ነው። ክብደትም ስለማይችል በላዩ መራመድ አይገባም። የዚህ ጥገናና ማንሣት ለባለሙያ ይተው።

8. ከጣሪያው ሥር ያለው እህል

ጣሪያው ባይበሳም ውሃ ሊያንጠባጥብ የሚችልበት ጊዜ አለ። በበጋ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከእህሉና ከወለሉ የሚወጣው እርጥበት በቆርቆሮው ሆድ ላይ ጤዛ ሆኖ ጠዋት ይንጠባጠባል። ይህን ብዙ ሰው የቀዳዳ ፍሳሽ እየመሰለው ሬንጅ ይገዛል። ዝናብ ሳይዘንብ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚታይ ነጠብጣብ ጤዛ ነው። መድኃኒቱም አየር ማስገባት ነው፦ ከአናቱና ከግድግዳው ጫፍ ወፍ በማያስገባ ወንፊት የተሸፈነ መተንፈሻ ማበጀት፣ እህሉንም በደንብ አድርቆ ማስገባት።

ጆንያ በምድር ላይ አይቀመጥ፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ይሁን። ከግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ከጣሪያም ሰው ገብቶ ለማየት የሚችልበትን ያህል ይራቅ። እስከ ጣሪያ የተከመረ ጆንያ ፍሳሹን ይደብቃል፤ ጉዳቱ የሚታወቀውም ክምሩ ሲፈርስ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ቆርቆሮም ሆነ የሬንጅ ንጣፍ በላዩ ላይ ያለው ስስ ልባስ እስካለ ድረስ ይከላከላል። ልባሱ ቀድሞ የሚያልቀው በምስማሩ፣ በመደራረቢያው፣ በጠርዙና ውሃ በሚቆምበት ቦታ ነው። እነዚህ ቦታዎች ከመላው ጣሪያ ጥቂቱን እጅ ብቻ ይይዛሉ። ማኅበሩም አንድ ኃላፊ መድቦ፣ አንድ ደብተር ከፍቶና ጥቂት የጥገና ገንዘብ ለይቶ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያያቸው ይበቃዋል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ በግንቦት በአንድ ብሎን የሚዘጋው ቀዳዳ በነሐሴ 30 ኩንታል እህል ያስከፍላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የማኅበራችን መጋዘን ጣሪያ ስንት ካሬ ሜትር ነው? በዓመት ስንት ሊትር ውሃ ይወርድበታል?

2. በአምስቱ የቆርቆሮ መልኮች መሠረት ጣሪያችን በየትኛው ደረጃ ላይ ይገኛል?

3. በጣሪያችን ላይ ድንጋይ፣ ጎማ ወይም ላስቲክ ተጭኗል? ከሆነ በምን ሊተካ ይችላል?

4. የአሸንዳው ጠራጊ ማን ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ጠረገ?

5. በቀትር መጋዘኑን ዘግተን ሽቅብ ብናይ ስንት የብርሃን ነጥብ እንቆጥራለን?